አዝማሪውን የጻፉት ሙዚቀኛ

ሮክ ተጫውቶ መጽሐፍም የሚጽፍ ሰው ሲባል ቶሎ ትዝ የምትለን ፓቲ ስሚዝ ናት። ከኒውዮርክ ትንንሽ ክለቦች ተነስታ እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ወሰደች። እኛም ጋ፣ ሮክ ባይጫወቱም፣ ሙዚቃና ብዕር የያዙ ሰው ነበሩን፤ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ናቸው። «ዘ ሼፐርድ ፍሉቲስት» የተባለ ሙዚቃ ደረሱ፤ «ኮንፌሽን» የሚል ልብ ወለድም በእንግሊዝኛ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ በአሜሪካ የሙዚቃ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ አዝማሪ ጽፈው፣ ገጣሚም ሙዚቀኛም ነው አሉት። «አዝማሪ» መሰደቢያ በሆነበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ሮቤ ቀን ኮድ እጽፋለሁ፣ ማታ ጊታር አነሳለሁ። «አንዱን ያዝ እንጂ!» ይሉኛል። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አዝማሪው ግጥሙንና ማሲንቆውን መቼ ለያይቶ ያውቃል? ሁለቱም አንድ ሥራ ነው፣ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያ ጽሑፍ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ለአዝማሪው ክብር የቆመ ምስክርነት፣ አዝማሪው ራሱ በማያነበው ቋንቋ።