ኮን፦ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ጓዳው ያስተማረው

ጋሸና ላይ መኪናው ሲቆም ተሳፋሪው ይበተናል። የላሊበላው መንገደኛ ወደ ሰሜን፣ የወገልጤናው ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ኮን የሚገባ ሰው ግን መታጠፍ አያስፈልገውም። ሰዉ «የቻይና መንገድ» የሚለውን የወልድያ–ወረታ መንገድ ይዞ ወደ ምዕራብ ቀጥ ማለት ነው። ከጋሸና ላሊበላ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ እንግዳ ሁሉ ልቡ ወደዚያው ነው፤ ወደ ኮን ዞር ብሎ የሚያይ ብዙ የለም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ለደብረ ዘይት ሰንበት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እኔ ቀጥ ካሉት ውስጥ ነበርኩ። የሄድኩት ለጉብኝት አልነበረም። ታናሽ እህቴ ከወላጆቻችን ጋር እዚያው ትኖራለች። ሁለት ልጆች አሏት፤ 8ኛ ክፍል የደረሰች ሴት ልጅና 7 ዓመት የሞላው ወንድሟ። የሚማሩበት ትምህርት ቤት በጸጥታው ችግር ከተዘጋ ወራት አልፈውታል። «ሁለቱንም አዲስ አበባ አምጥቼ ከልጆቻችን ጋር አስተምራቸዋለሁ» ብዬ ከባለቤቴ ጋር ተመካክሬ ነበር የተነሣሁት። መንገዱ ደህና ነው የሚል ወሬ እስኪደርሰኝ ድረስ ጉዞዬን ሁለት ጊዜ አራዝሜአለሁ።

ኮን የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከተማ ስትባል አስፋልቱን ይዛ የተዘረጋች፣ ከኋላዋ ወዲያው እርሻ የሚጀምርባት ትንሽ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ጧት ጧት ጋቢ ብቻውን አይበቃም። ዛፉ ባሕር ዛፍ፣ ሰብሉ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ነው። ሜዳው ጠረጴዛ መስሎ ተዘርግቶ ይቆይና ድንገት ገደል ላይ ያልቃል። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያለፉት በዚህ በዋድላ ሜዳ ነው። ከዚያ በጅጣ ገደል መንገድ እያስጠረጉ አወረዱት፤ ደላንታን ተሻግረው በበሽሎ በኩል መቅደላ ወጡ። ልጅ ሆነን አባቴ ይህን ሲያወራን መድፉን ሳይሆን ጎታቾቹ ምን በልተው እንደዋሉ ነበር የምንጠይቀው።

ቤት ስደርስ መጀመሪያ የሰማሁት የልጅ ድምፅ ነው። የእህቴ ልጅ ከአያቱ ጎን፣ ፀሐይ በምታርፍበት ግድግዳ ሥር ተቀምጦ መልእክተ ዮሐንስን ይቆጥራል። አባቴ በስንደዶ ፊደሉን ይጠቁማሉ፤ ልጁ ጮክ ብሎ ይላል። ሲሳሳት አይቆጡም፤ ስንደዶዋ ብቻ ወደ ኋላ ትመለሳለች። አባቴ በልጅነታቸው እስከ ዳዊት ደርሰው ወደ እርሻ የተመለሱ ሰው ናቸው። ለእኔም ሀሁን ያስቆጠሩኝ እዚሁ ግድግዳ ሥር ነበር። ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት፤ መንገዱ ያው ነው። መጀመሪያ ፊደሉ በቁጥር፣ ቀጥሎ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይባላል። አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው መዝለል የለም።

እኛ አዲስ አበባ ያለን ወላጆች ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማርን የቀመስነው በመጋቢት 2012 ነው። በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በቴሌግራም የሚላክ የቤት ሥራ እያተምን፣ ከልጆቻችን ጋር እየተነታረክን ወራት አሳለፍን። ሲከፈት «ተመስገን» ብለን አስረከብን። እህቴ ቤት ያየሁት ግን ሌላ ነበር። የቀኑ ሥራ ራሱ ትምህርት ሆኗል።

እናቴ ጓዳ ልውሰዳችሁ። ጾም ስለሆነ ቅቤም ወተትም የለም፤ ዶሮዎቹ የጣሉት እንቁላል ተጠራቅሞ ገበያ ይወጣል፣ በእርሱ ጨው፣ ዘይትና ደብተር ይገዛል። ምጣዱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይጣዳል። እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ እሳቱ አይጠፋም፤ በቀረው ግለት ለቆሎ የታሸ ገብስ ይቆላል፣ ቀጥሎ ባቄላው ይታመሳል፣ በመጨረሻ ለብ ባለው ምጣድ ላይ የከረመ እንጀራ ተቆራርሶ ለድርቆሽ ይሰጣል። «ኩበቱ አንድ ነው፣ ሥራው አራት» ትላለች እናቴ። ወጡ የባቄላ ሽሮ ነው። አጠገቡ ስልጆ አለ፤ ከባቄላ ዱቄት፣ ከሱፍና ከሰናፍጭ ተሠርቶ ቀናት የሰነበተ። እኔ ከተማ ገዝቼ የምበላው ስልጆ ይህን ጣዕም አግኝቶት አያውቅም። ልጆቹ በቀትር በሶ በውኃ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ይሰጣቸዋል። ትልልቆቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም።

ሂሳብ የሚማሩት እዚህ ነው። እህቴ 10ኛ ክፍል ጨርሳለች። አሮጌ መጻሕፍት አሰባስባ ከቡና በኋላ ሁለቱንም ታስቀምጣቸዋለች። ትንሹ ገብስ በጣሳ እየሰፈረ መደመር ይማራል። ትልቋ ደግሞ የቤቱን እህል የምትመዘግብበት ደብተር አላት። ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ተፈጨ፣ ምን ያህል ቀረ፤ ሁሉም በቀን በቀኑ ተጽፏል። ጎተራው ሥር ለብቻው የታሰረ አንድ ጆንያ አለ፤ የእርሱ ነገር ደብተሩ ላይ የለም። ዘር ነው። እናቴ በ77ቱ ረሃብ ዘሩን በልቶ የጨረሰ ቤት ዝናቡ ሲመጣ እጁን አጣጥፎ ሲያይ ተመልክታለች። ስለዚህ ያ ጆንያ እህል ተብሎ አይቆጠርም።

የደብረ ዘይት ዋዜማ ማታ እራት ላይ የመጣሁበትን ነገር አነሣሁ። ልጆቹን ልውሰድ አልኩ። አባቴ ዝም አሉ። እህቴ ወደ እሳቱ አየች። በዚህ መሀል ልጅቷ ደብተሯን ይዛ መጣችና በሶላሩ መብራት ሥር ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ እኔ ሠርቼዋለሁ» አለችኝ። «ያለን እህል 3 ኩንታል ነው። ስድስት ሰው በቀን 2 ኪሎ ተኩል ይበላል። 300ን ለ2 ነጥብ 5 ብናካፍል 120 ቀን ነው። እኔ ብቻዬን ከሄድኩ ግን ለአምስት ሰው 144 ቀን ይሆናል። 24 ቀን ይተርፋል።»

ሂሳቡ ትክክል ነበር። በልግ ካልሰመረ ቀጣዩ ምርት የመኸሩ ነው፤ 24 ቀን በዚያ አገር ትልቅ ነገር ነው። ግን የ14 ዓመት ልጅ ራሷን ከገበታ ቀንሳ ስታካፍል መስማት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። የምናገረው ጠፋኝ።

የመለሰችላት እናቴ ናት። «ሂሳብሽ ጥሩ ነው፣ ልጄ። ግን ጎደሎ ነው። የተማሪውን ቁራሽ አልጨመርሽም።»

ይህን ለመረዳት ዋድላን ማወቅ ያስፈልጋል። በአብነት ትምህርት ቤት የቅኔ ስም ሲነሣ ሦስት ቤት ይጠራል፦ ጎንጅ፣ ዋሸራና ዋድላ። ቅኔ ፈልጎ ከሩቅ አገር በእግሩ ወደ ዋድላ የመጣው ተማሪ ቁጥር ስፍር የለውም። መምህሩ አያስከፍሉም፤ ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይሠራል፣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ያስተማረው መምህሩ ነው፤ ያበላው ግን መንደሩ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የዚያ ትልቅ ትምህርት ቤት ጓዳ እንደ እናቴ ያሉ ሴቶች ጓዳ ነበር። ዛሬም እናቴ እንጀራ ስታወጣ አንዱን ለይታ ከሌማቱ ዳር ታስቀምጣለች። ደጁን የሚያንኳኳ ተማሪ በመጣ ቀን ይወስደዋል፤ ባልመጣ ቀን ለጎረቤት አረጋዊት ይሄዳል። በደብተሩ ግን ተጽፎ አያውቅም።

«እኛ እስካሁን የኖርነው በሂሳብሽ ከሆነ ድሮ አልቀን ነበር» አለች እናቴ። «የምንቆጥበው ለመስጠት እንዲተርፈን ነው። አንቺን ቀንሰን የምናተርፈው ቀን የለም። መሄድ ካለብሽ ለትምህርትሽ ትሄጃለሽ እንጂ ለገብስ ብለሽ አትሄጂም።»

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ልጅቷን ሒሳብ መጽሐፏን ይዛ ጥግ ላይ አገኘኋት። አንድ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ይዟት ቆይቷል። ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉበት ነው። እናቷ አልቻለችውም፣ ኔትወርክ የለም፣ የሚጠየቅ መምህርም በአካባቢው አልቀረም። እኔም ተቀምጬ ሞከርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ሰዓት ፈጅቼ ነው የወጣልኝ። እንግሊዝኛው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በጓዳ ፍቅር አይታለፍም።

ያን ጊዜ የሁላችንም ልብ ውስጥ የነበረው ነገር ግልጽ ሆነ። ያ ቤት ማስተማር የሚችለውን በደንብ ያስተምራል። የ7 ዓመቱ ልጅ ማንበብ ለምዷል፤ እኔ ለልጆቼ በወር ብዙ ብር እየከፈልኩ ያላገኘሁትን ትዕግሥት ከስንደዶዋ ተምሯል። ትልቋም መቁጠር፣ መመዝገብ፣ ከሌለ ላይ ማብቃቃት ታውቃለች። ግን ቤት ሁሉን አይችልም። ልጆች ቤት የቀሩት ወላጅ መርጦ ሳይሆን በር ስለተዘጋባቸው ሲሆን፣ የቤቱን በጎነት ማመስገን ብቻውን ማታለል ይሆናል። ከአባቴ ግድግዳ ሥር የተጀመረውን የሚቀጥል የተከፈተ ትምህርት ቤት ያስፈልጋል። ዋድላ ያን ድሮ ታውቀዋለች፤ ቤተሰብ ፊደል ካስቆጠረ በኋላ ልጁን አኩፋዳ አስይዞ ለመምህር ይልክ ነበር።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። ትልቋ ከእኔ ጋር ትመጣለች። ትንሹ መልእክተ ዮሐንስን እስኪጨርስ ከአያቱ ጋር ይቆያል። እህቴ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ ማታ ማታ ጸሎቷን እንዳታስተዋት።

ሰኞ ጧት መኪና ስንጠብቅ እናቴ ጆንያ አመጣች። በሶ፣ ቆሎ፣ የሽሮ ዱቄት። «ከ120ው ላይ ነው የቀነስሽው» ስላት ሳቀች። «ተማሪ ባዶ እጁን አይሄድም» አለችኝ። አባቴ የልጅቷን ግንባር በመስቀላቸው ባርከው ስንደዶዋን በደብተሯ መሀል አስገቡላት።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ቤታችን ትንሽ ተለውጧል። ልጅቷ የኛንም ወጥ ቤት ደብተር አስይዛዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ምን ያህል እንጀራ እንደምንጥል ጽፋ ስታሳየን ባለቤቴና እኔ ተፋፈርን። አሁን ድርቆሽ እናደርቃለን። ማታ ከራት በኋላ ቴሌቪዥኑ ለግማሽ ሰዓት ይዘጋል፤ ልጆቼ ከእርሷ ጋር የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ያነባሉ፣ ስንደዶዋ በየተራ ትዞራለች። በደብተሯ ግርጌ አዲስ መስመር አለ፦ «የተማሪ ቁራሽ»። በእኛ ሰፈር የቆሎ ተማሪ ብዙም አይመጣም፤ ለጥበቃው ሽማግሌ ይሰጣል።

በሰኔ እናቴ ስልክ ደወለች። በልጉ ደህና ነው፣ ገብሱ ዘለላ ይዟል አለችኝ። ከዚያ ልጅቷን አቅርባት አለች። ስለ ገብሱ ስትነግራት ልጅቷ ደብተሯን አወጣች። እናቴ ከወዲያ ማዶ ሰምታ መሰለኝ፣ «ተይው፣ ልጄ» ስትላት ተሰማኝ። «ፈተናው እንዴት ነበር?»