ስድቡን ስማቸው ያደረጉ ሙዚቀኞች

አንባቢዎቼ ሆይ፤ እናትና አባት ከሚያወጡት ስም ሌላ ሰው የሚለጥፈው ስም መኖሩን ሳታውቁ አትቀሩም። የመጀመሪያው በምርቃት ይሰጣል፤ ሁለተኛው ግን በትምህርት ቤት ግቢ፥ በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ወይም በአውቶቡስ ሰልፍ ላይ በሣቅ ይወረወራል። የተወረወረበት ሰው አንድም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፥ አንድም እጁን ለጥል ያነሣል። ሦስተኛው መንገድ የጥቂቶች ነው፤ ይኸውም የተወረወረውን ስም አንሥቶ በገዛ ደጅ ላይ መስቀል ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ይህን መንገድ ስለ መረጡ ሙዚቀኞች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ህንድ በ1947 ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ስትላቀቅ ፑንጃብ የሚባለው ግዛት ተከፍሎ ገሚሱ ለህንድ፥ ገሚሱ ለፓኪስታን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ብዙ የፑንጃብ ሰዎች ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በብረት ማቅለጫና በየፋብሪካው ተቀጠሩ። ብዙዎቹ ከሰፈሩባቸው ከተሞች አንዲቱ ዎልቨርሃምፕተን ናት። የዚያችው ከተማ የሕዝብ እንደራሴ የነበረው ኢኖክ ፓውል በ1968 በበርሚንግሃም ተነሥቶ፥ የስደተኞች መብዛት አገሪቱን ለጥፋት ይዳርጋታል ብሎ ያደረገው ንግግር እስከ ዛሬ አልተረሳም። ትጂንደር ሲንግ የተባለው ሙዚቀኛ ያደገው በዚህች ከተማ ነው።

ይህ ሰው በ1991 ከወንድሙ ከአቭታር፥ ከቤን ኤርስና ከዴቪድ ቼምበርስ ጋር በሌስተር ከተማ አንድ የሮክ ባንድ አቋቋመ። ስሙንም «ኮርነርሾፕ» አሉት፤ የመንገድ ማዕዘን ሱቅ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር የህንድ መልክ ያለውን ሁሉ፥ ሐኪም ይሁን ተማሪ፥ ባለ ሱቅ አድርጎ የሚያይ ዐይን ነበረና። በአዲስ አበባም ድሮ የየመን ሰዎች ብዙ ሱቅ ስለ ነበራቸው የሠፈር ሱቅ «ዐረብ ቤት» ይባል እንደ ነበር ታላላቆቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። እነ ሲንግ ግን ሌላው የሚላቸውን ራሳቸው አስቀድመው ስላሉት ለሰዳቢው የሚቀር ቃል አልተዉለትም።

መጀመሪያ ላይ ሙዚቃቸው ከዜማነቱ ይልቅ ጩኸቱ ይበልጥ ነበር። ሞሪሲ የተባለው ዝነኛ ዘፋኝ በ1992 በሎንዶን መድረክ ላይ የብሪታንያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በታየ ጊዜ፥ ያን ሰንደቅ ስደተኛ ጠሎች በሰልፋቸው ይይዙት ነበርና፥ እነርሱ ተቈጥተው በሸክላ አሳታሚው ኩባንያ ደጃፍ ፎቶግራፉን አቃጠሉ። ቍጣቸው ይገባኛል። ዳሩ ግን ስማቸውን በዓለም ያስጠራው ያ እሳት አልነበረም።

በ1997 ባወጡት አልበም ውስጥ «ብሪምፉል ኦቭ አሻ» የተባለ ዘፈን አለ። አሻ የተባለችው አሻ ቦስሌ ናት። በህንድ ፊልም ውስጥ ተዋናይቱ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ድምፁ የሌላ ሰው ነው። አሻ፥ እኅቷ ላታ ማንጌሽካርና መሐመድ ራፊ ከመጋረጃ በስተኋላ ሆነው እንዲህ በሺህ የሚቈጠሩ ዘፈኖችን ዘፍነዋል። የእኔ እናት ህንድኛ አንዲት ቃል አታውቅም፤ ነገር ግን በልጅነቷ ሲኒማ ቤት ካየችው የህንድ ፊልም የቀረላትን ዜማ ቡና ስትቈላ ታንጐራጕራለች። ሲንግም በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረውን ትንሿን ሸክላ፥ በስደተኛው ቤት የምትሰማውን፥ በእንግሊዝኛና በጊታር አመሰገናት።

በዚያው አልበም መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን በ1965 «ኖርዌጂያን ውድ» በተባለው ዘፈን ውስጥ ሲታር የሚባለውን የህንድ መሣሪያ ተጫውቶ ነበር። እንግሊዛዊው ከህንድ ተበድሮ ማለት ነው። ከ32 ዓመት በኋላ ኮርነርሾፕ ያንኑ ዘፈን በፑንጃብኛ ዘፈኑት። ብድሩ በዜማ ተመለሰ። ማን ከማን ወሰደ ብሎ የሚከራከር ሰው፥ ይህን ሲሰማ ክርክሩን የሚጨርስበት ቦታ የሚያጣ ይመስለኛል።

እርግጥ ነው፥ ነገሩ ሁሉ ማር ብቻ አልነበረም። የአሻ ዘፈን መጀመሪያ በወጣ ጊዜ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከ60ኛ ደረጃ በላይ አልወጣም። ኖርማን ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ አፍጥኖና ከበሮውን አበርትቶ እንደ ገና ካቀናበረው በኋላ ግን በየካቲት 1998 አንደኛ ሆነ። «እንግዲህ ያሸነፈው ማን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። በበኩሌ ሁለቱንም ሰምቼ የመጀመሪያውን፥ ዝግ ያለውን እወዳለሁ። ቢሆንም በዚያ ሳምንት በለንደን ጭፈራ ቤት ይዘል የነበረው ወጣት በአፉ ይጠራ የነበረው የአሻን ስም ነው። ይህን ትንሽ ነገር አልለውም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? ከገጠር መጥቼ ኮሌጅ በገባሁ ጊዜ አነጋገሬን የሰሙ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ «ባላገሩ» ብለው ሰየሙኝ። ቃሉን ፈታ አድርጋችሁ እዩት፤ ባላገር ማለት ባለ አገር ማለት ነው። ሰዳቢዬ ሳያውቀው አገር አስረከበኝ። ዛሬ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ፥ በቤታችሁ ስለሚሰማው ዘፈን ጻፉ ባልኋቸው ጊዜ ባዶ ወረቀት መለሰልኝ። አባቱ ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ መሆኑን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ለክፍሉ ሁሉ የኮርነርሾፕን ታሪክ ነገርኋቸው፤ ወደ እርሱ ግን አላየሁም። ከሳምንት በኋላ በኮሪደር አግኝቶኝ፥

«መምህር፥ ጊታርና ማሲንቆ አብረው ይሄዳሉ?» አለኝ።

«ሞክረውና ንገረኝ» አልሁት።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከመካከላችሁ የአገሩን አነጋገር በቢሮ የሚደብቅ፥ የእናቱን ዘፈን ጓደኛ ሲመጣ የሚዘጋ አይጠፋም። ዘመናዊነትና የእናት ቤት የማይታረቁ ባላንጣዎች ናቸው ያለን ማን ነው? እነዚያ ባለ ሱቆች ጊታሩን ሳይጥሉ ሲታሩን አነሡ። በ2020 ያወጡትንም አልበም «እንግሊዝ የአትክልት ስፍራ ናት» ብለው ሰየሙት። እንግዳ ናችሁ የተባሉት የስደተኛ ልጆች፥ የተወለዱባትን አገር እንደ ባለቤት ስም አወጡላት። የእናንተስ ሱቅ ምን ይሸጣል? በሩን ክፈቱትና ሰው ይየው።