ለዑምራ የሚሄዱ ወላጆቻችንን ያላስተማርናቸው ነገር



ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ወላጆቹን ለዑምራ ወይም ለሐጅ ሊልክ የተዘጋጀ ሰው ይጠቀምበት ይሆናል ብዬ ነው።

በመስጂዳችን የኢማሙ ረዳት ነኝ። ለዑምራ የሚሄዱ አዛውንቶች ሲኖሩ ከጉዞው በፊት የማስተምራቸው እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንዱን ቡድን ይዤ እንድሄድ ታዘዝኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዐስር ሶላት በኋላ እየተቀመጥን ኢሕራም እንዴት እንደሚታሰር፣ ጠዋፍ ከየት እንደሚጀመር፣ ሰዕይ የት እንደሚያልቅ ተማማርን። ተልቢያውን በቃላቸው እስኪይዙት ደጋገምነው። ስለ ሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ግን አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ወላሂ ትዝም አላለኝ።

መጀመሪያ ያረፍነው መዲና ነበር። ክፍል የተጋራኋቸው አባት ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በባልዲና በጣሳ የታጠቡ ሰው። ገንዳውን ሲያዩ ሳቁና «ልጄ፣ ይሄ ከብት የሚጠጣበት ነው እንዴ?» አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያን ጊዜ እንዴት እንደሚገባበትና እንዴት እንደሚወጣበት ባሳያቸው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ወደ መካ የምንነሳበት ቀን ደረሰ። ከመዲና የሚነሳ ሰው ኢሕራም የሚያስረው ዙልሑለይፋ፣ ዛሬ አብያር ዐሊ በሚባለው ቦታ ነው። ብዙ ሰው ትጥበቱን ሆቴል ጨርሶ ይወጣል። አባባም ገብተው በሩን ከውስጥ ቆለፉ። ከኢሕራም በፊት ሽቶ መቀባት ሱና መሆኑን ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ፤ እርሳቸው ደግሞ ሽታው ያማረ ቅባት ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል። ታጥበው ሲጨርሱ እዚያው ገንዳው ውስጥ እንደቆሙ ተቀቡ። ከዚያ የፎጣ መስቀያውን ይዘው አንድ እግራቸውን ከጠርዙ ሲያሻግሩ የቆሙበት እግር አዳለጣቸው። መስቀያውም ተነቅሎ አብሯቸው ወደቀ።

እኔ ታች ሻንጣ እያስጫንኩ ነበር። ስመለስ በሩ ዝግ ነው። «አባባ!» አልኩ። «ደህና ነኝ፣ ቆይ» አሉኝ። ከአሥር ደቂቃ በኋላም «ቆይ ልጄ» ብቻ። ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው። ራቁታቸውን ወድቀው፣ መነሳት አቅቷቸው፣ ዐውራዬ ይታያል ብለው መጣራት አፍረው ነበር። የሆቴሉ ሠራተኛ በትርፍ ቁልፍ ሲከፍትልን ዐይኔን ሰብሬ ገባሁና ሊታጠቁት ባዘጋጁት ነጭ የኢሕራም ጨርቅ ሸፈንኳቸው።

ሐኪም ቤት የቀኝ እጃቸው አንጓ መሰበሩን ነገሩን። ዳሌያቸው አልሐምዱ ሊላህ አልተሰበረም፤ መራመድ ግን ከለከላቸው። ቡድኑ ቀደመን፣ እኛ ከሦስት ቀን በኋላ ተከተልን። ጠዋፉንም ሰዕዩንም በተሽከርካሪ ወንበር አደረጉ፣ የገፋኋቸው እኔ ነኝ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ታማ ሳለች ከሰዎች ኋላ በእንስሳ ላይ ተቀምጣ ጠዋፍ እንድታደርግ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንዳዘዟት ስነግራቸው ተጽናኑ። ካዕባን ሲያዩ ግን «በእግሬ ልዞረው ነበር እኮ ይሄን ሁሉ ዓመት ያጠራቀምኩት» ብለው አለቀሱ። እኔም ከወንበሩ ኋላ ሆኜ አለቀስኩ።

ብዙ ሰው «ቀደር ነው» አለኝ። አዎ፣ ቀደር ነው። ነገር ግን ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ለቆ ይመካ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስሮ እንዲመካ ነው የነገሩት። ሰውን የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑንም አስተምረውናል። የሚያዳልጥ ገንዳ መንገድ ላይ ካለ ድንጋይ በምን ይለያል?

ገንዳ ልሙጥ ነው። ሳሙና ወይም ቅባት ሲጨመርበት እግር የሚይዘው ነገር ያጣል። ጠርዙ ከፍ ስለሚል ሲገቡም ሲወጡም በአንድ እግር መቆም ግድ ይሆናል። ትኩስ ውሃ ደግሞ የደም ግፊትን ስለሚያወርድ፣ በተለይ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብድግ ሲል ሊያዞረው ይችላል። ስኳር ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው እግሩ ደንዝዞ የረገጠውን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ፦

1. ሆቴል ስትይዙ ገንዳ የሌለው፣ ወለል ላይ ቆመው የሚታጠቡበት ክፍል ጠይቁ። ከሌለ ባልዲ፣ ጣሳና የማይንሸራተት የፕላስቲክ ወንበር ይበቃል።

2. ከሥሩ የሚጣበቅ የጎማ ምንጣፍ ሻንጣቸው ውስጥ ክተቱ። ገንዳው ውስጥ ተጭኖ መያዙ ይረጋገጥ። ፎጣ ገንዳ ውስጥ አይነጠፍ፣ እርሱ ራሱ ይንሸራተታል።

3. የፎጣ መስቀያና መጋረጃ ሰው አይሸከሙም። መያዝ ያለበት ግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረ የእጅ መደገፊያ ብቻ ነው።

4. ለውዱእ እግርን ወደ እጅ መታጠቢያው ማንሳት ይቅር። ተቀምጦ በጣሳ ወይም በሃይላንድ ማጠብ ይቻላል።

5. ሳሙናው ታጥቦ ውሃው ፈስሶ ሲያልቅ ይውጡ። ቅባትና ሽቶ ከወጡ በኋላ፣ ደርቀው፣ ተቀምጠው ነው።

6. በሩ ይገጠም እንጂ አይቆለፍ። ሽርጥ ወለል ላይ ሆነውም በሚደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። የወደቀ ሰው ይጣራ። ለሕክምናና ሕይወት ለማዳን ዐውራ በሚያስፈልገው ልክ ቢታይ የተፈቀደ መሆኑን ዑለሞቻችን ነግረውናል።

የኢሕራም ትጥበት ሱና እንጂ ግዴታ አለመሆኑንም ንገሯቸው። የፈራ ሰው ቢተወው ዑምራው አይጎድልም።

ውድ ወጣቶች፣ ቲኬቱን የምትቆርጡትም ሻንጣውን የምትገዙትም እናንተ ናችሁ። «ፎቶ ላኩልን» ከማለታችሁ በፊት አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ ይህን አሳዩአቸው። እነርሱ አፍረው አይጠይቋችሁም።

አባባ አሁን ደህና ናቸው። አዲስ ቡድን ሲዘጋጅ ትምህርቱ ላይ ይመጣሉ። እኔ ስለ ገንዳው ስጀምር ከኋላ የሚስቁ አይጠፉም፤ እርሳቸው የተሰበረውን እጃቸውን ከፍ አድርገው «እኔም ስቄ ነበር» ይላሉ። ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አላህ ወላጆቻችንን በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልስልን። ኣሚን።