ቁልፉ የኪራይ ነው

ወልድያ ቁጭ ብዬ የአሥራ አራት ደንበኞችን ድረ ገጽ አስተዳድራለሁ። ወደ ላሊበላ የሚያልፈውን መንገደኛ የሚያሳድር ፔንሲዮን አለ፣ የመርሳ ፍራፍሬ ነጋዴ አለ፣ የግል ትምህርት ቤትም አለ። ሰርቨሩ ያለው አውሮፓ ነው።

ሥራውን የሚያቀልልኝ መቆጣጠሪያ ፓነል ነው። ኢሜይል ለመክፈት፣ ዳታቤዝ ለመፍጠር ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ ከመጻፍ ይገላግላል። ታዋቂዎቹ ፓነሎች ግን በየወሩ ላይሰንስ ይከፈልባቸዋል። ላይሰንሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው በሰርቨሩ አይፒ አድራሻ ነው።

ክላውድ ላይ አድራሻ እንደ ቤት ቁጥር ግድግዳ ላይ አልተቸነከረም። ማሽኑ ራሱን በውስጥ አይፒ ያውቃል፣ ዓለም በውጭ አይፒ ያውቀዋል፤ ቋሚ አይፒ ካልተያዘለት ጠፍቶ ሲነሳ የውጩ ሊቀየር ይችላል። ማሽን ስትቀይሩም እንደዚያው። ደንበኞቼን ወደ ሰፋ ያለ ሰርቨር ሳዛውር ድረ ገጾቹ በሰላም ተሻገሩ፤ ላይሰንሱ አሮጌው አይፒ ላይ ቀረ። ሻጩ እስኪያዛውረው ሁለት ቀን ፓነሉ ተቆልፎ ዋለ። ድረ ገጾቹ ይሠራሉ፣ እኔ ግን መግባት አልችልም።

የመርሳው ነጋዴ ለልጃቸው ኢሜይል እንድከፍት ደወሉ።

«ከፍለን የለም እንዴ ልጄ?»

«ከፍለናል ጋሼ።»

«ታዲያ ማን ነው የዘጋው?»

መልስ አጣሁ።

ዋጋውም ሌላ ራስ ምታት ነው። ሲፓነል እ.ኤ.አ. በ2019 በሰርቨር ያስከፍል የነበረውን ትቶ በአካውንት ብዛት ማስከፈል ጀመረ፤ ደንበኛ ሲጨመር ሒሳቡም ይጨምራል ማለት ነው። በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የዶላር ካርድ ስለሌለኝ የምትከፍልልኝ ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት። የእሷ ደመወዝ ከዘገየ የእኔም ፓነል ይዘገያል።

ቴሌግራም ላይ በርካሽ የሚሸጥ የተሰበረ ላይሰንስ ሞልቷል። ጓደኞቼ «ምን አገባህ፣ ይሠራል» ይሉኛል። መሥራቱንማ ይሠራል። ግን የማላውቀው ሰው የጻፈውን ኮድ በሩት ሥልጣን ልጫን ማለት፣ የትምህርት ቤቱን የተማሪዎች መዝገብ ለማላውቀው ሰው አሳልፌ ልስጥ ማለት ነው። ድህነት ለእኔ ሰበብ ሊሆነኝ ይችላል፤ ለእነዚያ ልጆች ወላጆች ግን ምን እላቸዋለሁ?

ስለዚህ ስምንቱን ደንበኞች ሄስቲያ ወደሚባለው ነጻና ክፍት ፓነል አሻግሬያለሁ። ላይሰንስ አይጠይቅም፣ አይፒው ቢቀየር አይቆለፍብኝም። ሲበላሽ የሚደወልለት ሻጭ ስለሌለው ማታ ማታ ያንን ጥቁር ስክሪን እማራለሁ። አሁን አዲስ ሶፍትዌር ከመጫኔ በፊት መጀመሪያ የማየው ዋጋውን አይደለም፤ መክፈል ያቃተኝ ቀን ደንበኛዬ ኢሜይሉን ይዞ መውጣት ይችል እንደሆነ ነው።