ጳጉሜን የሚያውቅ ብራውዘር

የፍሮንትኤንድ መንደር ወሬ አያጣም። ኅዳር 2018 ላይ ሪአክት ሰርቨር ኮምፖነንትስ ውስጥ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ፤ አደገኛነቱ ከ10 10 ተሰጥቶት ስንቱ ባለሙያ እንቅልፍ አጣ። እኔ ግን ይርጋጨፌ ላይ ሆኜ ሳየው፣ ለእኛ ትልቁ ዜና ብዙም ያልተወራለት ነው፤ ጃቫስክሪፕት በእኛ ካሌንደር መቁጠር ጀመረ።

ይህን ያስቻለው አዲስ ክፍሉ ቴምፖራል ይባላል። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2025፣ ክሮም በ2026 መጀመሪያ አስገብተውታል። እስከዛሬ የኖርንበት «ዴት» እ.ኤ.አ. በ1995 ጃቫስክሪፕት በጥድፊያ ሲሠራ ከጃቫ የተገለበጠ ነው። ጃቫ ራሱ ብዙም ሳይቆይ አብዛኛውን ተወው፤ እኛ 30 ዓመት ተሸከምነው። ጃንዋሪን ዜሮ ብሎ የሚጀምር፣ ከግሪጎሪያን ውጭ መደመር መቀነስ የማያውቅ ጉድ! በቴምፖራል ካሌንደሩን «ኢትዮፒክ» ካላችሁት 13 ወር አለ፤ ጳጉሜን 6 የምትሆንበትንም ዓመት ለይቶ ያውቃል።

ምን ይጠቅማል የሚል፣ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያስብ። ተፈልፍሎ የታጠበው ቡና ጥቅምት 25፣ 2018 አልጋ ላይ ወጣ፤ 12 ቀን ደርቆ ኅዳር 7 ተነሳ እንበል። መዝጋቢው ይህን በጣቱ ይቆጥረዋል። ገዢው በሚከፍተው ገጽ ላይ ግን ኖቬምበር 4 እና ኖቬምበር 16 ሆኖ መውጣት አለበት። መሐል ላይ ያለው መቀየሪያ፣ እኔ ባየኋቸው ላይ፣ አንድ ልጅ ከሆነ ቦታ ገልብጦ የለጠፈው ኮድ ነው።

ተንኮሉም እዚያ ውስጥ ነው። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ከዚያ እስከ የካቲት 21 ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። ይህን የዘነጋ ኮድ ሦስት ዓመት ደህና ሠርቶ በአራተኛው ይስታል። የሚስተውም ልክ ቡናችን በሚለቀምበትና በሚደርቅበት ወቅት! ሚያዝያ ላይ የሚፈትሸው ሰው አንድም እንከን አያገኝበትም።

ድሮ በአንድ ቀን ልዩነት ማን ይጣላ ነበር? አሁን የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ መጥቷል፤ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቆቹ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 30፣ 2026 ይጀምራል። የማሳውን መገኛ ብቻ ሳይሆን ቡናው የተመረተበትን ቀን ወይም ወቅት ጭምር ይጠይቃል። ደረሰኙና ገጹ ካልተስማሙ ጥያቄው ወደ ገበሬው ይወርዳል። የእኛ የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን ከእንሰትና ከጥላ ዛፍ ጋር አስማምቶ የኖረ ነው፤ መልክዓ ምድሩም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እሱ ዛፍ ሳይቆርጥ በተሰበረ ኮድ ቢጠረጠር ግፍ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው፤ ብራውዘሩ በራሱ የሚያውቀውን ነገር ማንም ካርድ ሞልቶ አያወርደውም። ለቀን አንድ ላይብረሪ፣ ለብቅ ባይ መስኮት ሌላ ላይብረሪ የምንጭንበት ልማድ ምክንያቱ እያለቀ ነው።

ችግሩ፣ ክሮም ከ139ኛው እትም ጀምሮ አንድሮይድ 8 እና 9ን ትቷል። ማጠቢያ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ያለው አሮጌ ስልክ በክሮም ቴምፖራልን አያገኝም። ሳፋሪም ዘግይቷል። ለእነዚህ ፖሊፊል መጫን፣ አለዚያ ስሌቱን ሰርቨር ላይ ጨርሶ መላክ ነው፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ማሳየት ብቻ ከሆነ የጃቫስክሪፕቱ «ኢንትል» በአሮጌውም ክሮም ለዓመታት ይችል ነበር፤ ዞር ብለን አላየነውም። ሰዓቱ ግን ገና ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓትን ብራውዘሩ 8 ብቻ ብሎ ያውቃል፤ እሱን አሁንም በእጅ ነው የምንሠራው።

ዲላና ይርጋጨፌ ሆናችሁ ለማኅበራትና ለላኪዎች ገጽ የምትሠሩ ልጆች፣ መቀየሪያችሁ ላይ ጳጉሜን 6፣ 2019ን አስገቡ። ሴፕቴምበር 11፣ 2027 ማለት አለበት። ቀጥሎ ጥቅምት 25፣ 2020ን ሞክሩ፤ ኖቬምበር 5 ካላለ ለማስተካከል እስከዚያ መስከረም ጊዜ አላችሁ። ያገኛችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።