የሸማኔው ስም የት ገባ?

ታዋቂ ሰው የልብስ ድርጅት ሲከፍት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሸጠው ልብሱ ሳይሆን ስሙ ነው። ስም ብቻውን ግን ሩቅ አይወስድም። ሪሃና ከፈረንሳዩ የቅንጦት ዕቃዎች ኩባንያ ኤልቪኤምኤች ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 የከፈተችው «ፌንቲ» የልብስ ቤት ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሥራ አቁሟል።

የሊያ ከበደ «ለምለም» ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ተመሥርቶ ዓመታትን ተሻግሯል። ሞዴሏ ሥራውን የጀመረችው በትውልድ ከተማዋ በአዲስ አበባ ሸማኔዎች ገበያ አጥተው ሲቸገሩ አይታ ነው። በእጅ የተሸመነው ጥጥ ቀሚስ ሆኖ ውጭ አገር በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ለዚህ ምስጋና ይገባታል።

ጥያቄው ሌላ ነው። ገዢው ሊያን ያውቃታል፤ መወርወሪያውን ሲያመላልስ የዋለውን ሰው ግን አያውቀውም። ይህ የእሷ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ወጥቶ የሐበሻ ቀሚስ ከሚገዛው ስንቱ ነው ማን እንደሸመነው የሚጠይቅ? ጥለቱ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ከጎኑ በርካሽ ሲሰቀል፣ ለሸማኔው የሚከራከርለት የለም።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ መስደብን ከልክለዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ስድቡ ቢቀንስም ስሙ ገና አልተጠራም። ሥዕል የሠዓሊው ፊርማ አለበት። ቀሚስም ላይ የሸማኔው ስም የተጻፈበት ትንሽ ጨርቅ ቢሰፋ ወጪው ኢምንት ነው። ገዢው የእጅ ሥራውን ከፋብሪካው ይለይበታል፤ ሸማኔውም በገዛ ስሙ ዋጋ ይደራደርበታል።