ለእሷ ሰላጣ

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ከአንድ ሰሃን ሰላጣ ልጀምር።

ባለፈው ዓመት ታላቅ እህቴ ለሕክምና ከደባርቅ አዲስ አበባ መጥታ ነበር። «እትዬ» ነው የምላት። እናታችን ቶሎ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሐኪም ዘንድ ውለን ስንወጣ ሁለታችንንም ርቦን ነበር። ትንሽ ከተሜነቴንም ላሳያት ብዬ መሰለኝ፣ ቦሌ ካሉት የበርገር ቤቶች ወደ አንዱ ይዣት ገባሁ። እትዬ ወፍራም ናት። ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር የተበየዱ ስለሆኑ ነጠላዋን ሰብስባ፣ በጎን ሆና፣ ጠረጴዛው ሆዷን እየተጫናት ተቀመጠች። ከጎናችን ሁለት ወጣቶች ነበሩ። አንደኛው ድምፁን ዝቅ ያደረገ እየመሰለው፣ «እንዲህ ያሉትን እኮ በር ላይ መመለስ ነበር፤ ለራሳቸውም ጽድቅ ነው» አለ። ሁለተኛው ሳቀ።

እትዬ ትስማ አትስማ አላወቅሁም። አስተናጋጇ ስትመጣ በሥዕል ከተደረደሩት ምግቦች በአንዱ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ባለድንች ጥብሱ በርገር ነበር። ወሩ የፍስክ፣ ቀኑም ማክሰኞ ስለሆነ የሚያግዳት ነገር አልነበረም። እኔ ግን ቀደምኳት። «ለእሷ ሰላጣ» አልኩ። ለራሴስ? ለራሴ በርገሩን ከነድንቹ አዘዝኩ።

እትዬ ጣቷን ከሥዕሉ ላይ አነሳች። «እሺ» ብቻ አለች። ሰላጣውን እስከ መጨረሻዋ ቅጠል በልታ ስትጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ምርቃት ይሁን ቅያሜ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና እኔም ዝም አልኩ።

ያ ወጣት እንደ ቀልድ የተናገረው ነገር ግን አንድ ጊዜ የሕግ ረቂቅ ሆኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ፣ በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት፣ ሦስት የምክር ቤት አባላት ቁጥሩ 282 የሆነ ረቂቅ አቀረቡ። አምስትና ከዚያ በላይ ሰው የሚያስቀምጥ ምግብ ቤት፣ የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት በሚያወጣው መለኪያ ከልክ በላይ ወፍራም ለተባለ ሰው ምግብ እንዳይሸጥ የሚያዝ ነው። ትእዛዙን ደጋግሞ የጣሰ ምግብ ቤት ፈቃዱን እስከ መነጠቅ ይደርሳል። ረቂቁ ከኮሚቴ ሳይወጣ ሞተ። ካቀረቡት አንዱ የሆኑት ሜይሆል የተባሉ እንደራሴም፣ ሕግ ይሆናል ብለው እንዳልጠበቁና የሰውን ዓይን ወደ ችግሩ ለመሳብ እንደፈለጉ ተናገሩ። የሚያስገርመው የኋላው ነው። ይኸው ግዛት በ2013፣ ከተሞች የምግብና የመጠጥ መጠን እንዳይገድቡ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ተመጋቢውን ከበር ሊመልስ አስቦ የነበረ ምክር ቤት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሻጩን ማንም እንዳይነካው አጥር አጠረለት ማለት ነው።

ወጣቱንም አርቃቂዎቹንም በስድብ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ያን ቀን ከእነሱ ጋር ነበርኩ። ረቂቃቸው በሚሲሲፒ ሲወድቅ፣ እኔ ቦሌ ላይ ያለ ምክር ቤት፣ ያለ ድምፅ ቆጠራ በእህቴ ላይ አጸደቅሁት።

ምክንያት አልነበረኝም አልልም። በዚያው ዕለት ሐኪሙ ስኳሯም የደም ግፊቷም ከፍ ማለቱን ነግሮናል። ክብደቷ 88 ኪሎ፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ከ58 ነው። ኪሎውን በሜትር ለተለካ ቁመቷ ካሬ ስናካፍለው 35 ይመጣል፤ ከ30 ጀምሮ ያለው ሐኪሞች «ከልክ ያለፈ ውፍረት» የሚሉት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ከዚህ መስመር ያለፉ አዋቂዎች 890 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። ወደ አገራችንም ስንመለስ፣ በ1992 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶች ከመቶ 30ዎቹ ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ፤ ከሚገባው በላይ የወፈሩት 3 ብቻ ናቸው። በ2008ቱ ጥናት የከሱት ወደ 22 ሲወርዱ የወፈሩት ወደ 8 ወጡ። ይህም በአብዛኛው በከተማና ኑሮው ደህና በሆነው ቤት ነው። እንግዲህ ረሃቡ ገና ከቤት ሳይወጣ ጥጋቡም ከነሕመሙ በጓሮ በር ገባ ማለት ነው።

መቸም እኛ ዘንድ ውፍረት ነውር ሆኖ አያውቅም። ከርሞ የተገናኘ ዘመድ «ወፈርህ፤ አማረብህ!» ሲል ማሞገሱ ነው። «ምነው ከሳህ?» ካለ ደግሞ ሐዘን ደርሶብህ እንደሆነ እየጠየቀ ነው። በደቡብ ኦሞ ቦዲዎች ዘንድ ወንዶች ለወራት ከጎጆ ሳይወጡ የላም ወተትና ደም እየጠጡ ሰውነታቸውን ያደልባሉ፤ በዓሉ ሲደርስ በሕዝብ ፊት ቀርበው ከሁሉ የወፈረው ይከበራል። ይህን ሁሉ ሳስብ፣ አስፋልቱና በርገሩ በመጡበት መንገድ ወፍራምን ማፈሪያ የማድረግ ልማድም አብሮ ሳይመጣ አልቀረም እላለሁ።

ይሁን፤ ለጤናዋ ሲባል ትከልከል እንበል። በሩ ላይ የሚቆመው ዘበኛ በምን ይለያታል? እዚህ ላይ ከገዛ አገሬ የወጣ እውቀት አለ። የጎንደር ሐኪሞች ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ደጋግመው እንደጻፉት፣ ከገጠር ከሚመጡላቸው የስኳር ሕሙማን ብዙዎቹ ወፍራም አይደሉም። አጥንታቸው የሚቆጠር፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠግበው ያላደሩ፣ ያለ ኢንሱሊን የማይኖሩ ድኾች ናቸው። ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘው ይህ ሕመም ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ፣ በ2017 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት አምስት» ብሎ በይፋ ተቀበለው። ዘበኛው እንግዲህ ቀጭኑን በሽተኛ «ይግቡ» ብሎ እትዬን «ይመለሱ» ሊል ነው። ወገብ የሕመም መዝገብ አይደለም። እኔ ራሴ 78 ኪሎ ነኝ፤ በቁመቴ ሲካፈል 27 ይመጣል። ከዘበኛው መስመር የሚለየኝ ጥቂት ዓመት የበርገር ምሳ ነው። ያም ሆኖ በዚያች ጠረጴዛ ላይ ዳኛው እኔ ነበርኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ደባርቅ ሄድኩ። እትዬ እዚያ አነስተኛ ምግብ ቤት አላት፤ ሽሮ፣ በየዓይነቱ፣ የፍስክ ቀን ጥብስ። ደንበኞቿ ወደ ሊማሊሞ የሚወርዱ ሾፌሮች፣ ከተራራው የሚመለሱ አስጎብኚዎችና ለገበያ የሚመጡ የገጠር ሰዎች ናቸው። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ዘልቆ ተፈናቃዩ ከተማውን ሲሞላው፣ በ2016 መጀመሪያም ድርቁ ጃናሞራንና በየዳን ሲመታ፣ ከዚህ ቤት ሳይበላ የተመለሰ ሰው እንደሌለ ጎረቤቶቿ ነግረውኛል። እሷ አልነገረችኝም።

ማታ ቤቱ ሲዘጋ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጥን። ስለ ሰላጣው ይቅርታ ልጠይቃት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። በመጨረሻ እሷው ጀመረችው።

«እኔ ከበር የተመለስኩት ሁለት ጊዜ ነው» አለች።

እናታችን ከአምቢኮ ወገን፣ ከራስ ደጀን ግርጌ ናት። በ77ቱ ክፉ ቀን እትዬን ይዛ በእግር ወደ ደባርቅ ወረደች። እትዬ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። ከተማው ዳር ሲደርሱ ከአንድ ደህና ሰው ቤት ሠርግ አለ፤ ዳስ ተጥሏል፤ የወጡ ሽታ ከሩቅ ይጠራል። እናታችን ልጇን ወደፊት አስቀድማ ወደ ዳሱ ተጠጋች። አጋፋሪው ግን በትሩን በበሩ ላይ አጋደመ። የተናገረውን እትዬ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

«እናንተን እያየ እንግዳው እህል አይወርድለትም» ነው ያላቸው።

«ያኔ አጥንቴ ነው ያስቀየማቸው» አለች እትዬ፣ ፍሙን በመቆስቆሻው እየገፋች። «ቦሌ ደግሞ ሥጋዬ። ልጆቹ ያሉትን ሰምቻለሁ። እነሱ ምኔም አይደሉ፤ አልከፋኝም። በትሩን ያጋደምከው አንተ ስትሆን ግን…»

አልጨረሰችውም። እኔም ልትጨርሰው እንዳትችል ፈልጌ ነበር።

«የሐኪሙን ቃል ሰምቼ፣ ፈርቼልሽ ነው» አልኳት።

«ፈርተህልኝ ቢሆን ለራስህም ሰላጣ ታዝ ነበር» አለች።

ከዚህ የበለጠ ክርክር በየትም ምክር ቤት የሚሰማ አይመስለኝም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በአገራችን መከልከልን የሚያውቅ ሕዝብ ሞልቷል። ጾም ሲገባ ሥጋውም ወተቱም ይታገዳል፤ ሆኖም የሚታገደው ከቀጭኑም ከወፍራሙም፣ ከቤቱ ጌታም ከሎሌውም እኩል ነው። ማንም በኪሎው ተለይቶ ከማዕድ አይነሳም። እንዲህ ያለውን ክልከላ ሰው ይሸከመዋል፤ ክብሩን አይነካበትምና። የመንግሥትም እጅ መግባት ካለበት ወደ ድስቱ እንጂ ወደ ተመጋቢው ሆድ ባይሆን እመርጣለሁ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በለስላሳ መጠጦችና ጤናን በሚጎዱ ቅባቶች ላይ ታክስ ሲጥል ማን ወፍራም፣ ማን ቀጭን ብሎ አልጠየቀም። ይበቃል ማለቴ አይደለም። ዘይቱ ምን እንደሆነ የሚነገርበት፣ ልጆች በማስታወቂያ የማይታደኑበት፣ ሰው በእግሩ የሚሄድበት የእግረኛ መንገድ ያለው ከተማ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ከዘበኛ ደመወዝ ይልቅ ይወደዳል፤ ለዚህም ይመስለኛል ወፍራሙን መክሰስ የሚቀለው።

አንድ ነገር ግን ለወጣቱ ልመንለት። «ለራሳቸው ጽድቅ ነው» ሲል ውሸት ብቻ አልነበረም። እትዬ ታማለች፤ እኔም እንድትኖርልኝ እፈልጋለሁ። በፍቅርና በንቀት መካከል ያለው መስመር ቀጭን ነው፤ እኔ ያን ቀን ከየትኛው ወገን እንደቆምኩ ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃኝ ነበር። «እትዬ፣ ምን ትበያለሽ?» ብያት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ራሷ ሰላጣውን ትመርጥ ነበር። ምናልባትም በርገሩን ለሁለት እንካፈለው ነበር። እኔ ግን ምርጫውን ራሱን ነው የወሰድኩባት።

በነጋታው ጠዋት እትዬ ሚዛን ገዝታ እንደመጣች አየሁ። የሰው ሳይሆን የእህል ሚዛን ነው፤ ሱቅ የሚሠራበት ዓይነት። የእንጀራዋን ሊጥ በሱ ትለካበታለች። ሐኪሙ ካላት ወዲህ ለራሷ የምትጋግረው ትንንሽ እንጀራ ነው፤ በምሳ አንድ ብቻ፣ ማንም ሳያዝዛት። ጠዋት ጠዋት ዶሮ ሲጮህ ተነሥታ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግሯ ትሄዳለች። እስካሁን አራት ኪሎ ቀንሳለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ሰሃን ይዛ መጣች። በአንዱ የሷ ትንሽ እንጀራ ከሽሮና ከጎመን ጋር፤ በሌላው በቅቤ ያበደ ጥብስ። ጥብሱን ወደኔ ልትገፋው ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ሰሃኑን ግን መሐል ላይ አቆመችውና በዓይኗ ከአንገቴ እስከ ቀበቶዬ ቃኘችኝ።

«ቦርጭ ጀምረሃል» አለች። ቀጥላም፣ ለልጅነቴ ትናገርበት በነበረው ድምፅ፣ «ምን ልስጥህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጠየቀችኝ።